ስድስት ሰዓት የዘለለው የእጅ ሰዓት

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በዚህ ሳምንት በራዲዮ ያሰማሁት ንግግር በክንድ ላይ ስለሚታሰር አንድ ትንሽ መሣሪያ ነበረ። መሣሪያው ቀኑን ሙሉ የባለቤቱን እርምጃ ይቈጥራል፤ የልቡን ትርታ ያዳምጣል፤ ሌሊት የእንቅልፉን ርዝመት ይመዘግባል፤ ከዚህም ሁሉ ጋር ሰዓት ይናገራል። ወጣቶቹ ስማርት ዋች ይሉታል፤ እኔ እርምጃ ቈጣሪ እለዋለሁ። ጉዳዩ ቀላል ነው ብሎ የሚያልፈው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። አንድ ጎረቤቴ በዚሁ መሣሪያ ምክንያት በውድቅት ሌሊት ከቤታቸው እስኪወጡ ድረስ እኔም እንደዚያው ይመስለኝ ነበረ።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የምንኖረው ገፈርሳ ነው፤ ይኸውም ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ለዋና ከተማው የቧንቧ ውሃ ከሚሰጡት ግድቦች በዕድሜ ቀዳሚው ያለበት ቦታ ነው። ጋሼ (የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚጠራቸው እንዲሁ ነው) የስኳር ሕመም አለባቸው። ሐኪማቸው በየቀኑ በእግር መሄድን እንዳይተዉ ስለ መከራቸው፣ በባሕር ማዶ የምትኖር ልጃቸው ይህን እርምጃ ቈጣሪ ገዝታ ላከችላቸው። ሰዓቱ ግን እንደ ተላከ በፈረንጅ አቈጣጠር ነበረና ጋሼ አልወደዱትም። «እኔ ሰባ ዓመት ሙሉ ጧት አንድ ሰዓት ስል የኖርሁ ሰው ዛሬ ሰባት ሰዓት ልበል?» አሉ።

የወንድማቸው ልጅ አንድ ብልሃት አገኘ። ኢትዮጵያ የምትኖረው ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት 3 ሰዓት በሚቀድመው ቀጠና ውስጥ ነው። የአርጀንቲና ዋና ከተማ ቡዌኖስ አይረስ ደግሞ ከዚሁ መነሻ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ልክ ስድስት ሰዓት ነው። ልጁም በእጅ ስልኩ በኩል ገብቶ፣ የእርምጃ ቈጣሪው ባለቤት የሚኖሩት ቡዌኖስ አይረስ ነው ብሎ ጻፈ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መሣሪያው የኢትዮጵያን ሰዓት አሳየ፤ ጧት 1፡00 ሲሆን 1፡00፣ ቀትር ላይ 6፡00። እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ ብልሃቱም ከልብ የሚያስመሰግን ነው። ከዚህም በላይ መሣሪያው ቀኑን የሚለውጠው በቡዌኖስ አይረስ እኩለ ሌሊት ላይ ስለ ሆነ፣ ለገፈርሳው ሰው ቀኑ የሚለወጠው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሆነላቸው። ጋሼ ይህን ባወቁ ጊዜ፣ ፈረንጅ በመጨረሻ ቀን ከመቼ እንደሚጀምር ተማረ ብለው ሳቁ።

ነገሩ በዚህ መልክ ብዙ ወራት በደኅና ቆየ። ጋሼ በየሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሣሉ፤ ኪዳን አድርሰው በውሃው አጠገብ ዞር ዞር ብለው ይመለሳሉ፤ ከዚያም ቁርሳቸውን በልተው ኪኒናቸውን ይውጣሉ። ባለፈው ጥር ወር በአንዱ ምሽት ግን፣ መሣሪያውን ኃይል እንዲሞላ ሶኬት ላይ ሰክተው 3 ሰዓት ላይ ተኙ። ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ወጣቶቹ አፕዴት የሚሉት የፕሮግራም ማደሻ ከኩባንያው መጣ። መሣሪያው ጠፍቶ በራ። ሲበራም የልጁን ብልሃት ረስቶ ነበረ።

ሽማግሌ እንቅልፉ ቀላል ነው። ጋሼ ነቅተው መሣሪያውን ቢያዩት 11፡30 ይላል። በጥር ወር በዚያ ሰዓት ገና ጨለማ ነውና ጨለማው አላስጠረጠራቸውም። ጋቢያቸውን ደርበው፣ መሣሪያውን በክንዳቸው አስረው፣ ባለቤታቸውን ሳይቀሰቅሱ ወጡ። መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ ታክሲ የለም፤ ዶሮ አልጮኸም። ከወዲያ ማዶ ጅብ ይሰማል። ሃያ ደቂቃ ያህል ከተጓዙ በኋላ የአንድ ግቢ ጥበቃ ባትሪውን አብርቶ አገኛቸው።

«ጋሼ፣ በደኅና ነው? የታመመ ሰው አለ እንዴ?»

«የምን የታመመ ሰው! ኪዳን ልሳለም ነው እንጂ።»

«ኪዳን? ገና ስድስት ሰዓትም አልሞላም እኮ!»

ጋሼ ክንዳቸውን ዘርግተው አሳዩት፤ 11፡50 ይላል። ጥበቃውም የእጅ ስልኩን ከኪሱ አወጣና አሳያቸው፤ እርሱም 11፡50 ይላል። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ባትሪ ብርሃን ሁለቱን መስተዋቶች አስተያዩ። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ጋሼ ግን ሊነጋ ነው ይላሉ፤ ጥበቃው እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው ይላል። ጥበቃው ቁጥሩን ሲያይ በልማዱ ስድስት ቀንሶ 5 ሰዓት ከ50 ብሎ አነበበ፤ ጋሼ ደግሞ መቀነስን ከተዉ ብዙ ወራት ሆኗቸዋልና እንዳለ አነበቡት። በዚሁ ቅጽበት መሣሪያው በክንዳቸው ላይ ነዘረ፤ የዕለቱን ዐሥር ሺህ እርምጃ ስለ ፈጸሙም የደስታ መግለጫ አወጣላቸው።

እንግዲህ በማግሥቱ ይህን ስንሰማ ያልሳቀ አልነበረም። እኔም ስቄአለሁ። ነገር ግን ጋሼ ያን ሌሊት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ገና በሙሉ ልባቸው አላመኑም ነበረና፣ እንደ ጧት ልማዳቸው ከኪኒናቸው አንዱን ከብልቃጡ አውጥተው ውሃ እየፈለጉ ሳሉ እትዬ ነቅተው ደረሱባቸው። ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት አሳይተው ኪኒኑን ከእጃቸው ወሰዱ። የስኳር መድኃኒት ያለ ምግብ ተወስዶ ሰውየው ተመልሶ ቢተኛ፣ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ በታች ሊወርድ፣ ራሱንም ሊያስተው እንደሚችል ሐኪሞች ያስጠነቅቃሉ። ከዚህ በኋላ ሳቄን ተውሁ፤ መሣሪያው ስለ ምን እንደ ተሳሳተም ልመረምር ተነሣሁ።

መጀመሪያ ያስተዋልሁት ይህን ነው። ለሌላው ዓለም ሰው ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ቢሳሳት፣ ስሕተቱን ወዲያው ያውቀዋል። እኛ ግን በስድስት ሰዓት ልዩነት ተወልደን አድገንበታል። ቲኬት ስንገዛ፣ የእጅ ስልክ ስናይ፣ ከውጭ አገር ወዳጅ ጋር ስንቀጣጠር፣ በልባችን እየቀነስን ወይም እየደመርን እንኖራለን። ስለዚህ ስሕተት የሆነውና ልማድ የሆነው ስድስት ሰዓት አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ሲመጡ መለየት ያቅተናል።

የአቈጣጠራችን ነገር ከተነሣ ዘንድ አንድ ሁለት ቃል ልጨምር። ሰዓትን ከንጋት መቍጠር የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። የጥንት ሮማውያንና አይሁድ ቀኑን ከፀሐይ መውጣት ጀምረው በዐሥራ ሁለት ሰዓት ይከፍሉት ነበረ። በስቅለት ዕለት በቤተ ክርስቲያን የምናስበው ዘጠኝ ሰዓት በዚሁ አቈጣጠር ነው፤ ለእኛ ትርጓሜ አያስፈልገውም፤ ፈረንጁ ግን ሦስት ሰዓት ብሎ መተርጐም አለበት። በኬንያና በታንዛንያ የስዋሂሊ ቋንቋ ተናጋሪዎችም እስከ ዛሬ እንደ እኛ ይቈጥራሉ፤ የጧቱን አንድ ሰዓት አንድ ሰዓት ይሉታል። የዓለም የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠሪዎች የየአገሩን ሰዓት የሚያገኙበት አንድ የጋራ መዝገብ አለ። በዚያ መዝገብ ውስጥ ከኢትዮጵያ አጠገብ፣ በአማርኛ ሰዓት የሚጠይቅ ሰው ይህን ልዩነት እንዳይዘነጋ የሚል ማሳሰቢያ ተጽፎ ይገኛል። ማሳሰቢያው ግን ለሰው የተጻፈ ነው፤ መሣሪያው አያነበውም። ከመዝገቡ ወደ መሣሪያው የሚተላለፈው «አዲስ አበባ፣ ሦስት ሰዓት ወደ ፊት» የሚለው ብቻ ነው።

ከዚሁ መዝገብ ሌላም ነገር አገኘሁ። አዲስ አበባ ቀድሞ የምትተዳደረው ከመነሻው ሰዓት በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ በሚቀድም ሰዓት እንደ ነበረ ይጽፋል። ወደ ሙሉ 3 ሰዓት የተለወጠበትን ቀን ሲያመለክት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ይላል፤ ጠላት ወደ አዲስ አበባ የገባበት ቀን ነው። በአምስት ዓመቱ፣ በዚያው በሚያዝያ 27 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ከተማቸው ተመለሱ፤ ያ 24 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ግን አልተመለሰም። እስከ ዛሬ በገፈርሳ ፀሐይ በአናታችን ላይ የምትቆመው ልክ በስድስት ሰዓት ሳይሆን 25 ደቂቃ ያህል አልፎ ነው። ሙሉ ሰዓት መያዙ ከዓለም ጋር ለመነጋገር ስለሚያመች እኔ አልቃወመውም፤ ነገር ግን የፀሐይ ሰዓትና የመሣሪያ ሰዓት አንድ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ባገኝ ይህን እነግረዋለሁ።

አሁን ወደ መሣሪያው ልመለስ። እርምጃ ቈጣሪ ሰዓቱን ከየት ያገኛል? በሆዱ ውስጥ ኳርትዝ የተባለ ቅንጣት ድንጋይ አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲነካው በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል፤ መሣሪያውም ርግብግቢቱን ቈጥሮ አንድ ሴኮንድ ይላል። ይህ ድንጋይ በሙቀትና በብርድ ጥቂት ይዛነፋል። ስለዚህ መሣሪያው በየጊዜው ከእጅ ስልኩ ጋር እየተገናኘ ያርማል፤ የእጅ ስልኩም ከቴሌው ወይም ከኢንተርኔት ይቀበላል፤ የእነዚያም መጨረሻቸው የአቶም ሰዓት ነው። በፈረንጆች 1967 ዓ.ም. በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት አንድ ሴኮንድ ማለት የሲዚየም አቶም 9,192,631,770 ጊዜ የሚርገበገብበት ጊዜ ነው ተብሎ ተወስኗል። እንግዲህ በጋሼ ክንድ ላይ ያለው ነገር ይህን ሁሉ ሰንሰለት ተከትሎ የመጣ ነው። ታዲያ በዚያች ሌሊት ደቂቃው አልተሳሳተም፤ ሴኮንዱም አልተሳሳተም፤ የተበላሸው «ባለቤቴ የሚኖሩት የት ነው?» የሚለው አንድ መልስ ብቻ ነው። ማደሻው ሲገባ፣ ቀጠናውን መሣሪያው ራሱ ይምረጥ የሚለው ትእዛዝ ተመልሶ ስለ በራ፣ መሣሪያው ጋሼን ከቡዌኖስ አይረስ ወደ ገፈርሳ አመጣቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ ነው ትክክለኛውን አድራሻ ያወቀው!

የመሣሪያ ስሕተት ሁሉ ግን እንዲህ በሰዓት ብቻ አይመጣም። ጂፒኤስ የተባሉት ሳተላይቶች ሳምንትን የሚቈጥሩት እስከ 1,024 ድረስ ነበረ፤ ከዚያ በኋላ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር ቈጣሪ ወደ ዜሮ ይመለሳሉ። ይህ በ1991 ዓ.ም. ነሐሴ ወር አንድ ጊዜ ሆነ፤ ሁለተኛው መጋቢት 29 ቀን 2011 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነበረ። ፕሮግራማቸው በጊዜው ያልታደሰላቸው አንዳንድ አሮጌ መሣሪያዎች ያን ጊዜ ወደ ሃያ ዓመት ያህል ወደ ኋላ የሄደ ቀን አሳዩ። ማደሻን ፈጽሞ አልቀበልም የሚል ሰው ይህንም ያስብ። ጋሼን ሌሊት ያወጣቸው ማደሻው ሲሆን፣ እነዚያን ያሳሳታቸው ደግሞ የማደሻ እጦት ነው።

በሱሉልታ ሜዳና በእንጦጦ ጫካ ጧት ጧት የሚሮጡ ወጣቶች በክንዳቸው ላይ ይህን የመሰለ መሣሪያ ያስራሉ። ከእነርሱ አንዱን፣ ሰዓትህ ቢሳሳት ልምምድህ አይበላሽምን? ብዬ ጠየቅሁት። «ቀኑን ቢሳሳት ምን ቸገረኝ፤ ዙሬን በደንብ ከቈጠረልኝ ይበቃኛል» አለኝ። መልሱ ትክክል ነው። ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለውን ጊዜ የሚለካው ያ የኳርትዝ ድንጋይ ብቻ ነው፤ የሰዓት ቀጠና አይገባበትም። ቀነኒሳ በቀለ በመስከረም 2012 ዓ.ም. በበርሊን ማራቶን 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድ ሲገባ፣ ከጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን በ2 ሴኮንድ ብቻ አንሶ ነበረ። ለእንዲህ ያለው ሰው ሁለት ሴኮንድ ብዙ ነው፤ በበርሊን ከተማ ከቀኑ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ግን ከነገሩ ውጭ ነው። ሽማግሌው ግን እንደ ሯጩ አይደለም። ለእርሱ ትልቁ ነገር ኪዳን የሚደርስበት፣ መድኃኒት የሚወሰድበት ሰዓት ነው። አንዱ መሣሪያ ለሁለቱ ሲሸጥ ይህ ልዩነት አይነገርም።

በዚያች ሌሊት መንገድ ላይ የነዘረው የዐሥር ሺህ እርምጃ ነገርም ሳይነሣ አይለፍ። ቁጥሩን ያወጣው ሐኪም አይደለም። አበበ ቢቂላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ካገኘበት ኦሊምፒክ በኋላ፣ በጃፓን የስፖርት ፍቅር በበረታበት ጊዜ፣ ያማሳ የተባለ ኩባንያ በወገብ የሚታጠቁት እርምጃ ቈጣሪ አውጥቶ ስሙን «የዐሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ» አለው። ስሙ ለገበያ የተመረጠ ነበረ። በ2019 በፈረንጆች በአሜሪካ በዕድሜ በገፉ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ የእርምጃው ጥቅም 7,500 ገደማ ሲደርስ ብዙም እንደማይጨምር አሳይቷል። ለጋሼ ይህን ብነግራቸው፣ «እንግዲያው ያን ሌሊት ከጅብ ጋር ትርፍ ነው የሄድሁት» አሉኝ። በነገራችን ላይ ያ ዕለት በመሣሪያው መዝገብ 18 ሰዓት ብቻ ነው። እንደ ልማዱ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ጀምሮ፣ ማደሻው በመካከል ስለ ገባ እኩለ ሌሊት ላይ አለቀ።

እንዲህ ያለ መሣሪያ በቤታችሁ ያለ እንደ ሆነ፣ ማደሻ ከገባ በኋላ በመጀመሪያ ደቂቃውን ከሌላ ሰዓት ጋር አስተያዩ። ደቂቃው ልክ ሆኖ ሰዓቱ ብቻ ከተለየ፣ ችግሩ የቀጠና ነውና መሣሪያውን ወደ ጠጋኝ አትውሰዱ። በእጅ ስልኩ ላይ ያለውን የመሣሪያውን ፕሮግራም ከፍታችሁ፣ ቀጠናውን ራሱ ይምረጥ የሚለውን አጥፍታችሁ፣ አዲስ አበባን ምረጡ፤ አዲስ አበባ ከታጣ ናይሮቢ ያው ነው፤ ከዚያም መሣሪያውንና ስልኩን አገናኙ። ደቂቃውም ከተዛነፈ መሣሪያው ከስልኩ ጋር ከተገናኘ ቆይቷል ማለት ነው። ማንቂያ ደወል የምትጠቀሙ ሰዎች ከማደሻ በኋላ ደወሉን ደግማችሁ እዩ፤ ደወሉ ከተለወጠው ሰዓት ጋር አብሮ ይዞራልና። የኢትዮጵያን ሰዓት ለማየት ብላችሁ የእጅ ስልኩን ሰዓት በእጃችሁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ አትመልሱ። ቀጠና ብቻ መለወጥ ጉዳት የለውም፤ መነሻው ሰዓት ደኅና ነው። ሰዓቱን ራሱን ስትመልሱ ግን ስልኩ በዓለም ፊት ስድስት ሰዓት ያረጀ ይሆናል፤ አንዳንድ የኢንተርኔት ገጾች ላይከፈቱለት ይችላሉ፤ የሚስጥር ቁጥር የሚያወጡ ፕሮግራሞችም የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣሉ። መድኃኒት በሰዓት የሚወስድ ሽማግሌ ወይም አሮጊት በቤት ካለ ደግሞ፣ ይህን የቀጠና ብልሃት የሠራው ልጅ ምን እንዳደረገ ለቤተ ሰቡ ሁሉ ይንገር። የጋሼ የወንድም ልጅ ለማንም አልተናገረም ነበረ፤ በዚያችም ሌሊት ወለጋ ነበረ።

ጋሼ በበኩላቸው ከሁሉ የተሻለውን መፍትሔ ራሳቸው አገኙ። መሣሪያው ቀጠናው አዲስ አበባ ሆኖ እንዲቀር ፈቀዱ፤ ነገር ግን የፊቱን መልክ አስለውጠው በቁጥር ፋንታ ባለ መርፌ አደረጉት። ባለ መርፌ ሰዓት በክቡ ላይ ስድስት ሰዓት ማለት ልክ ፊት ለፊት ማለት ነው። የሰዓቱ መርፌ በፈረንጅ ሰባትን ሲያመለክት ተቃራኒው አንድ ነው፤ በፈረንጅ ዐሥራ ሁለትን ሲያመለክት ተቃራኒው ስድስት ነው። በወጣትነታቸው የመጀመሪያውን የእጅ ሰዓት ሲገዙ አባታቸው ያስተማሯቸው ይህን ኖሯል፤ ጫፉን ተወውና ጭራውን አንብብ ብለው። ትናንት ማታ በአጥር በኩል ስንት ሰዓት ነው ብዬ ብጠይቃቸው፣ ክንዳቸውን ወደ መብራቱ አስጠግተው፣ የመርፌውን ጭራ በጣታቸው ተከትለው፣ «ሁለት ሰዓት ተኩል» አሉኝ፤ ልክ ነበረ።